ስለ አስታማሚ ልጆች

በአገራችን አንድ ሰው በታመመ ጊዜ «አስታማሚው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። አስታማሚ የሚለው ቃል ራሱ ክብር ያለው ቃል ነው፤ በሽተኛውን የሚያነሣና የሚያስተኛ፥ የሚያጐርስና የሚያጠጣ፥ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ማለት ነውና። ዳሩ ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መልሱ የዐዋቂ ሰው ስም እንዲሆን ይጠብቃል። ሚስቱ ናት፥ እኅቱ ናት፥ የወንድሙ ልጅ ከገጠር መጥቶለት ነው ሲባል ይሰማል። «አስታማሚዋ የ10 ዓመት ልጇ ናት» የሚል መልስ የተሰጠው እንደ ሆነ ግን ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥና «የተባረከች ልጅ!» ብሎ ያልፋል። የዛሬው ጽሑፋችን ምርቃቱ ከተሰጠ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ሳይነካ ስለሚቀረው ሸክም ነው።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆነን አቃቂ ቃሊቲን ወስደናል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ይህ ክፍለ ከተማ አነሣሡ ከባቡርና ከፋብሪካ ጋራ የተያያዘ ነው። የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል ነበር ያለፈው፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የራዲዮ ጣቢያ በዚያው በአቃቂ ተመረቀ (ይህ የራዲዮ ነገር ዛሬ ከሽማግሌዎች በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው)፤ ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቁ፥ የብረታ ብረቱና ሌላውም ፋብሪካ ተከታትሎ ተተከለ። ፋብሪካ በተተከለበት ስፍራ ሁሉ እንደሚሆነው ከሕዝቡ እጅግ ብዙው እንጀራ ፍለጋ ከየክፍለ አገሩ የመጣ ነው። ለእንጀራ የመጣ ሰው ደግሞ ዘመዱን ተሸክሞ አይመጣም። ባልና ሚስት፥ አንዳንድ ጊዜም እናት ብቻዋን ከልጆቿ ጋራ፥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። አያት በወሎ ናት፥ አክስት በጉራጌ ናት፥ አጎት የት እንዳለ አይታወቅም። በዚህ ቤት እናት የወደቀች እንደ ሆነ ቀርቦ የሚያነሣት ከልጇ በቀር ማን አለ?

የኋለኛው ዘመን ሥራም በዚህ ላይ የጨመረው ነገር አለ። በገላንና በቱሉ ዲምቱ ታላላቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ከመላው ከተማ ሰው ገብቶባቸዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ገላን ጉራ በተባለው ስፍራ ሰፍረዋል። ስለ ቤቶቹ ግንብና ጣራ በዚህ አንናገርም፤ የምንናገረው ስለ ጎረቤት ነው። በአሮጌው ሰፈር 30 ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ፥ ልጅ ሲወለድ ገንፎ ያገነፋ፥ በሽተኛ ሲኖር ሳይጠራ በር ገፍቶ የሚገባ ጎረቤት ነበር። ቤት በዕጣ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለው ጎረቤት ግን በዕጣ አይደርስም፤ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው ድረስ በ4ኛው ፎቅ ላይ በተዘጋ በር ውስጥ ማን ለማን ውኃ እንደሚያቀብል ከታች ያለው ሰው አያውቅም።

እንግዲህ አንባቢያችን የአንዲትን ልጅ ጧት በአሳቡ ይመልከት። ስም አንሰጣትም፤ አንዲት ልጅ ብቻ አይደለችምና። ዕድሜዋ 12 ዓመት ነው እንበል። እናቷ ከደም ግፊት የተነሣ ስትሮክ በሚባለው የአንጎል ሕመም ተመትታ የግራ እጅና እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ልጅቱ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ትነሣለች። ከአቃቂ ምድር የሚወጣው የጕድጓድ ውኃ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ታላቅ ድርሻ ያለው ነው፤ ለእርስዋ ግን ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ነውና የመጣበትን ሌሊት ያልነቃች እንደ ሆነ ጀሪካኗ ባዶ ይቀራል። ከዚያ እናቷን ከአንዱ ጐን ወደ ሌላው ጐን ታገላብጣለች፤ በሽተኛ ሳይገላበጥ የሰነበተ እንደ ሆነ ገላው ይቈስላልና። ያደረውን ጨርቅ ለውጣ ታጥባለች። ከሰል አቀጣጥላ ሻይ ታፈላለች፤ የደም ግፊቱን ኪኒን ቈጥራ ታውጣታለች፤ ታናሽ ወንድሟን ታለብሳለች፤ ፖፖውን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጣ፥ ቍልፉን ለጎረቤት ሰጥታ፥ ወንድሟን እየጐተተች ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። በሩ ተዘግቷል።

ከበሩ ውስጥ ያለው መምህር የሚያየው የዘገየች ልጅ ነው። ነገም ትዘገያለች። በሳምንት አንድ ቀን እናቷን ወደ ሕክምና ስለምትወስድ ትቀራለች፤ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛዋ ላይ ራሷን ደፍታ ትተኛለች፤ የቤት ሥራዋን አልሠራችም። መምህሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከ50 የሚበልጡ ልጆች በፊቱ ተቀምጠው ሳለ የዘገየውን ሁሉ ምን ሆነህ ብሎ መመርመር አይችል ይሆናል። ልጅቱም አትናገርም። እናቷ አልጋ ላይ መሆኗን መናገር የቤቱን ገመና ማውጣት ይመስላታልና። እንዲህ ሆኖ በቤት ውስጥ የአራት ሰው ሥራ የምትሠራው ልጅ በትምህርት ቤት ሰነፍ ትባላለች።

ይህ ነገር ትናንት የጀመረ አይደለም። የኤች አይ ቪ በሽታ በከተሞቻችን በጸናበት ዘመን አባታቸውን ከዚያም እናታቸውን አስታመው የቀበሩ፥ ከዚያም የታናናሾቻቸው አባትና እናት የሆኑ ልጆች በየሰፈሩ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ልጅን ከዚህ ሸክም ያወጣው ከሁሉ የበለጠው ነገር የልጆች መርጃ ገንዘብ አልነበረም፤ ለወላጅ የተሰጠው መድኃኒት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ክፍያ መሰጠት ሲጀምር በአልጋ ላይ የነበረች እናት ተነሥታ እንጀራ ጋገረች፤ ልጇም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ይህን ማስታወስ የሚገባን ዛሬም ስለሚሠራ ነው። የሚታከም ወላጅ ያለው ልጅ ግማሽ ሸክሙ ይወርድለታል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለድኾች መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት ሥርዓት ከዚህ አንጻር ሲታይ የልጆች ጉዳይም ነው እንጂ የበሽተኛው ብቻ አይደለም።

ዛሬ ግን በሽታው መልኩን ለውጧል። የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የኩላሊት ድካም፥ ነቀርሳ፥ የአእምሮ ሕመም፥ የመኪና አደጋ ሰውን ቶሎ የማይገድሉ፥ ቶሎም የማያድኑ፥ ለዓመታት በአልጋ ወይም በቤት የሚያስቀምጡ ናቸው። እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ያለው ሆስፒታል በዚያው በክፍለ ከተማው መኖሩ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሆስፒታል የሚያክመው በሽተኛው በሆስፒታል ባለበት ቀን ነው። የቀረው 300 ምናምን ቀን በቤት የሚውል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ለወራት በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚጠይቅ በሽተኛው መድኃኒቱን መውሰዱን የሚከታተል ሰው እንዲኖረው ይደረጋል። ይህ ሰው ከቤተ ሰብ ወገን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቤተ ሰቡ እናትና ልጅ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ያ «ሰው» ማን እንደሚሆን አንባቢው ራሱ ይመልስ። እንግዲህ የሕክምናው ሥርዓት ሳያስበው በሕፃን ትከሻ ላይ ይደገፋል ማለት ነው።

ዓይነ ሥውር ወላጅ ያላቸውም ልጆች አሉ። ካህናት አባቶቻችን እነዚህን ልጆች ከማንም ይልቅ ያውቋቸዋል፤ በቃሊቲ ገብርኤል ወይም በሌላው ደብር በዓል በሚውልበት ቀን የአባቱን በትር ጫፍ ይዞ ከደጀ ሰላሙ የሚቆመው ልጅ ነው። ሳንቲም የሚሰጥ ሰው አባቱን ያያል፤ በትሩን የያዘው ልጅ በዚያ ሰዓት የት መሆን እንደሚገባው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ብሔራዊ የሕፃናት ሥራ ጥናት በመላ አገሪቱ ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች ወደ 16 ሚሊዮን የሚሆኑት፥ ማለት ከመቶ 42.7 የሚሆኑት፥ ለልጅ በማይገባ ሥራ ላይ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ቍጥር በጊዜው ብዙ ተነግሮለታል፤ የሚነገርለትም ባብዛኛው ስለ እርሻ፥ ስለ ከብት ጥበቃና ስለ ጎዳና ንግድ ነው። በሽተኛ ማስታመም ግን በየጥናቱ «የቤት ውስጥ ሥራ» ከሚባለው ክፍል ከማብሰል፥ ከማጠብና ውኃ ከመቅዳት ጋራ ተቀላቅሎ ስለሚቀመጥ ብቻውን ጐልቶ አይታይም። ውኃ መቅዳትና እናትን ከአልጋ ማንሣት አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ውኃው ለነገ ይቆያል፤ እናት ለነገ አትቆይም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉ ስለ ልጆች ብዙ መልካም ነገር ብሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ትምህርቱን፥ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ እናትና አባት ለሞቱባቸው ልጆችም ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ ያዝዛል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብት ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ተቀብላለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለሥራ የመቀጠሪያውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን ይህች የ12 ዓመት ልጅ በእነዚህ ሁሉ መካከል ታልፋለች። አሠሪ የላትም፤ ስለዚህ የሠራተኛ ሕግ አያገኛትም። እናቷ በሕይወት አለች፤ ስለዚህ ወላጅ አልባ አትባልም። ማንም አልበደላትም፤ ስለዚህ ለፖሊስና ለዳኛ ጉዳይ የላትም። ይልቁንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ ቀለብ የመሰጣጣት ግዴታ አለባቸው ስለሚል፥ ስለ ሕጉ ብልሃት የማያውቅ ሰው ልጅቱ የሠራችው ግዴታዋን ነው ሊል ይችላል። ቀለብ መስጠት ግን ዐቅም ላለው ሰው የተነገረ ነው እንጂ ትምህርቱን ጥሎ በሽተኛ ለሚያነሣ ሕፃን የተነገረ አይደለም።

በዚህ ስፍራ ከአንዳንድ አባቶች ሊመጣ የሚችል አንድ ተቃውሞ አለ፤ ሳንመልሰው ብናልፍ ደግ አይሆንም። «አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥርቱ ቃላት አንዱ አይደለምን? እናቱን ያስታመመ ልጅ ጽድቅ ሠራ እንጂ ምን ተበደለ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኛም ይህን ትእዛዝ የምናቃልል አይደለንም። ከነጮች አገር የመጣ አሳብ ነው ተብሎ እንዳይጠረጠርም በ1982 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ በአፍሪቃ መሪዎች የጸደቀውን የአፍሪቃ ሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር እንጠቅሳለን። ቻርተሩ በ31ኛው አንቀጽ ልጅ ለወላጆቹና ለታላላቆቹ አክብሮት እንዲያሳይ፥ በተቸገሩም ጊዜ እንዲረዳቸው ግዴታ ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ በዓለሙ ኮንቬንሽን ውስጥ በዚህ መልክ የለም። ኢትዮጵያም ቻርተሩን ተቀብላዋለች። ነገር ግን ያው አንቀጽ ግዴታውን የሚለካው በልጁ ዕድሜና ችሎታ ልክ ነው። አባቶቻችንም ይህን ልኬት ያውቁታል፤ የ7 ዓመትን ልጅ ሑዳዴን ሙሉ እንዲጾም ያስገደደ መምህረ ንስሐ የለም። ደግሞም ወንጌሉን የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን አደራ የሰጠው ለሕፃን አይደለም፤ ወደ ቤቱ ሊወስዳት ለሚችለው ደቀ መዝሙር ነው። በሐዋርያት ዘመንም ስለ መበለቶች የዕለት ምግብ ጕርምርምታ በተነሣ ጊዜ ሰባት ዲያቆናት የተሾሙት ያ ሥራ የማኅበሩ ሁሉ ሥራ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ልጅ እናቱን ይርዳ ወይስ አይርዳ የሚል አይደለም። ጥያቄው ብቻውን ይርዳትን? የሚል ነው።

በውጭ አገርም ነገሩ ከታወቀ ብዙ ጊዜ አልሆነም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2001 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ወደ 175,000 የሚሆኑ ልጆች በቤታቸው በሽተኛ ወይም አካለ ስንኩል እንደሚጠብቁ ታወቀ፤ ያን ያህል ሀብትና ሆስፒታል ባለበት አገር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ2014 ሁለት ሕጎች ወጡ፤ ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ያለ ልጅ በተገኘ ጊዜ የአጥቢያው መስተዳድር ችግሩን መርምሮ እንዲያቀልለት ግዴታ ሆነበት። ሩት ኢቫንስና ሶል ቤከር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ በታንዛኒያና በእንግሊዝ በኤች አይ ቪ የታመሙ ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ልጆችን አስተያይተው በ2009 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእንግሊዝ መውሰድ የሚገባን ገንዘቡን አይደለም፤ እርሱ የለንምና። የሚወሰደው የአጠያየቁ ነገር ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን፥ መምህሩ ተማሪውን ሲያይ «ከዚህ ሰው በስተኋላ ማን አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ መደረጉ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር የሚጠየቅበት በር አስቀድሞ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበው ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፥ ይመዘግባሉ፥ በሽተኛ ይከታተላሉ። ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጓዳ ድረስ የሚገባ ከእነርሱ በቀር የለም። እናቲቱ አልጋ ላይ መሆኗን ይመዘግባሉ፤ የደም ግፊቷን ይለካሉ። የሚጐድለው አንድ ቃል ነው፤ «እኛ ስንሄድ ማን ያነሣሻል?» የሚል። መልሱ ልጄ ነው የሚል ከሆነ የልጁ ስምና ዕድሜ፥ የሚማርበትም ትምህርት ቤት በዚያው መዝገብ ይግባ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ አዲስ በጀትም የሚጠይቅ አይመስለንም። አዲስ ኮሚቴ የተቋቋመለት ነገር ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ሸክሙን የሚያነሣው እጅ ከየት ይምጣ ለሚለው ግን ከዚህ የሚበልጥ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸደቀ፤ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሮ 604,000 ሰው እንዲረዳ ታቀደ። ሥርዓቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። መሥራት የሚችለው ድኻ መንገድ እየጠረገ፥ አረንጓዴ ቦታ እየተከለ፥ የአካባቢ ልማት ሥራ እየሠራ ይከፈለው ነበር፤ መሥራት የማይችለው ሽማግሌ፥ አካለ ስንኩልና ጽኑ በሽተኛ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠው ነበር። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የብዙ ቤት ምጣድ የተጣደው በእርሱ ነው። ዳሩ ግን ገንዘብ ዱቄት ይገዛል እንጂ በሽተኛን አያገላብጥም። በአንድ በኩል የምትከፈል መንገድ የምትጠርግ ብርቱ ሴት አለች፤ በሌላው በኩል በዚያው መንደር ቀጥታ ድጋፍ የምትቀበል አልጋ የያዘች እናት አለች፤ በመካከላቸው የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ትቀራለች።

አሳባችን ይህ ነው፤ በዚህም ሥርዓት ሆነ እርሱን ተከትሎ በሚመጣው፥ አልጋ የያዘ ጎረቤትን በሳምንት ጥቂት ቀን ማጠብ፥ ማገላበጥና መመገብ እንደ መንገድ ጠረጋ የሥራ ቀን ሆኖ ይቈጠር። ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ከጤና ባለሙያዋ የጥቂት ቀን ትምህርት ይውሰዱ፤ ቁስል እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ሽባ የሆነ ሰው እንዴት እንደሚነሣ፥ ከሳንባ ነቀርሳ እንዴት እንደሚጠነቀቁ ይወቁ። መንገድ ሳይጠረግ ቢያድር ነገ ይጠረጋል። የልጅ የትምህርት ዓመት ግን አንድ ጊዜ ካለፈ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቱን፥ የሕፃኑንና የማኅበራዊውን ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር ይዞ ስለሚገኝ ይህን መንገድ ለመሞከር የሚያንሰው ነገር የለም። ለመጀመሪያ ፈተና አንድ ወይም ሁለት የአቃቂ ቃሊቲ ወረዳ ይበቃል።

ስለ ምግብ ከተነሣ በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቍርስና ምሳ መመገብ መጀመሩ ለእንዲህ ያለው ልጅ ታላቅ ዕርዳታ ሆኗል። ጧት ለራሱ ሳያበስል መጥቶ ይበላልና ከሥራው አንዱ ወደቀለት። ሆኖም ዳቦዋን ግማሹን በልታ ግማሹን ለእናቷ በደብተሯ መካከል ይዛ የምትወጣ ልጅ ብትገኝ ማን ይፈርድባታል? የትምህርት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ያለውን ቤት ያወቀ እንደ ሆነ በአንድ ሳህን መጨመር ትልቅ ነገር አይሆንበትም።

እድርን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በአዲስ አበባ እድር የሌለው ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ነገር ግን እድር የሚመጣው በሞት ቀን ነው። ድንኳኑ ይተከላል፥ ወንበሩ ይደረደራል፥ ወጡ ይሠራል፥ ቀብሩም በክብር ይፈጸማል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሽተኛዋን ብቻዋን ያነሣችውና ያስተኛችው ልጅ በዚያን ቀን ምንም የምትሠራው ነገር አጥታ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሠራተኛው ሁሉ መጥቷልና። በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለውን በሽተኛና የሞተበትን ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር። ይህ ልማድ በሽታው ሲቀዘቅዝ አብሮ እንዳይቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረበት። ከእድሩ አባላት አምስት ቤቶች በተራ አንዳንድ ቀን ቢይዙ ልጅቱ አምስቱንም የትምህርት ቀን በጊዜ ትደርሳለች። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለኀምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርተዋለን፤ በዚህ ቤት ግን ኀምሳውን ሎሚ የያዘችው አንዲት ልጅ ናት።

ካህናትም በዚህ ነገር ከማንኛውም ሹም የሚቀድም ሥልጣን አላቸው። የንስሐ አባት ጠበል ሊረጭ ሲገባ በር የሚከፍትለት ማን እንደ ሆነ ያያል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዲት ቤት በተራ እንዲጠብቁ ቢያዝዝ የሚያሳፍረው የለም፤ የመስጊዱም ጀመዓ እንዲሁ። ቃሉ ከካህን አፍ ሲወጣ ገመና መግለጥ መስሎ አይታይም፤ ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ የማይገኝ ዕድል ነው።

ማስጠንቀቅ የሚገባን ግን አንድ ነገር አለ። ይህን ችግር የሰማ ቸኳይ ሹም ልጅቱን ከእናቷ ለይቶ ወደ ማሳደጊያ ለማስገባት ያስብ ይሆናል። ይህ ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው። አገራችን በድርቁና በረኀቡ ዘመን የሕፃናት ማሳደጊያ ምን እንደ ሆነ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ልጅ በቤተ ሰቡ ውስጥ መቆየቱን ያስቀድማል። እናቲቱም እንዲህ ያለ ነገር የጠረጠረች እንደ ሆነ ልጇን ትሸሽጋለች፤ ጎረቤቷንም የጤና ባለሙያዋንም ታባርራለች፤ ከዚያ በኋላ የልጅቱን ነገር የሚያውቅ አይኖርም። ልጅቱም ብትሆን ከእናቷ መለየት አትፈልግም። የምትፈልገው በሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት መድረስ ነው።

የሴት ልጅ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በአንድ ቤት ወንድና ሴት ልጅ ያሉ እንደ ሆነ አስታማሚዋ ሴቲቱ ናት፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ወንዱ ሊስትሮ ጠርጎ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ይታሰባል፤ እርስዋ ግን ከቤት ትቀራለች፤ ከቤት የቀረችውም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ፈተና አምልጧት ክፍል ትደግማለች፤ ከደገመች በኋላ ደግሞ መማሩ ምን ያደርግላታል የሚል ዘመድ ከገጠር ይመጣል። የወንዱም ነገር ቀላል አይደለም፤ እናቱን ገላዋን የሚያጥብ የ13 ዓመት ወንድ ልጅ ስለ ሥራው ለጓደኛው የማይናገረው እፍረት አለበት።

ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በነሐሴ ተማሪ ሲመዘግቡ የወላጅን ስም፥ ሥራና ስልክ ይጠይቃሉ። በዚያ ቅጽ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር፤ «ተማሪው በቤት የሚያስታምመው ወይም የሚመራው ሰው አለን?» የምትል። አለ ተብሎ የተጻፈበት ቅጽ ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አይሂድ፤ የክፍሉ አላፊ መምህር ተቀብሎት በወረዳው ወዳለችው የጤና ባለሙያ ይድረስ፤ ልጁም በዘገየ ቀን የሚገባበት በር ምን እንደ ሆነ ለዘበኛው ይነገረው።